መንገድ ወደሌለበት የበረሩ

በአገራችን ሰው ገደል ቢገባ ወይም ደራሽ ውኃ ቢወስደው ኡኡታ ይሰማል፤ የሰማም ሁሉ ሞፈር ቀንበሩን ጥሎ ይሮጣል። የበጎ ፈቃድ ፍለጋና የነፍስ አድን ሥራ ማኅበርና ደንብ ከማግኘቱ አስቀድሞ በዚህ የጉርብትና ሕግ ጸንቶ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ወሰን አለው፤ ኡኡታ የሚደርሰው ጆሮ እስካለበት ድረስ ብቻ ነው።

ከሚሴ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ወሰን በዓይን ይታያል። ዛሬ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ ተገትሯል፤ በስተምሥራቅ አገሩ እየተዳፋ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኃብ በተመታች ጊዜ ለመራመድ አቅም የቀረው ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው እጁን ዘረጋ። አቅም ያጣው ግን ከተራራው ጀርባ ቀረ።

እንዲህ ከመንገድ ርቆ ለቀረ ሰው ሲሉ ከበረሩት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው።

ካውንት ፎን ሮዘን በነሐሴ 1901 ዓ.ም. ከስዊድን መኳንንት ቤተ ሰብ ተወለዱ። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ፎን ሮዘን በአገር አሳሽነት የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው ግን ልባቸው ወደ ሞተር ስላዘነበለ በረራ ተምረው በሕዝብ ፊት የአየር ላይ ትርኢት በማሳየት ሥራ ጀመሩ።

ይህን የትርኢት በረራ ወደ ነፍስ አድን ሙያ የለወጠው የኢትዮጵያ መከራ ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የ26 ዓመቱ ወጣት በስዊድን ቀይ መስቀል ሥር የአምቡላንስ አውሮፕላን ነጂ ሆነው መጡ። መኪና በማይደርስበት ግንባር መድኃኒት ማድረስና ቁስለኛ ማንሣት ዕጣቸው ሆነ። ያን ጊዜ የቀይ መስቀል ምልክት ከቦምብ አያድንም ነበር። ደሴ በኅዳር 26 ቀን ተደበደበች፤ የስዊድን የሕክምና ጓድ በታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተመታ፤ በመጋቢትም የቀይ መስቀል አውሮፕላን ቆረም ላይ መሬት እንደ ቆመች ተቃጠለች። እርሳቸውም የመርዝ ጋዝ ቃጠሎ ደረሰባቸው።

ከዚያ በኋላ በሆላንድ አየር መንገድ አገልግለዋል፤ ፊንላንድ በተወረረች ጊዜም ወደ ቦምብ ጣይነት በተለወጠ የመንገደኛ አውሮፕላን ተዋግተውላታል። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል ደግሞ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማቋቋምና ወጣቶቻችንን በማሠልጠን ደከሙ።

በነሐሴ 1960 ዓ.ም. በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት የተከበበው የቢያፍራ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ፣ ከሳኦ ቶሜ ደሴት ተነሥተው የዛፍ ጫፍ እስኪነኩ ዝቅ ብለው በመብረር እህልና መድኃኒት አስገቡ። የሥራ ባልደረቦች ሊመረምሩት የሚገባው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በግንቦት 1961 ዓ.ም. በትናንሽ የስፖርት አውሮፕላኖች ላይ ሮኬት አስጠምደው የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች መቱ። ረኃቡን ያመጣው ጦርነቱ ነውና መንስዔውን መምታት ይገባል የሚል ሰው ሊደግፋቸው ይችላል። ይሁን እንጂ እህል ጫኙ አውሮፕላንና ሮኬት ጫኙ አውሮፕላን በአንድ ሰው እጅ ከገቡ፣ በነገው ቀን የሚመጣውን ባዶ እጁን ያለ ነፍስ አድን ማን ያምነዋል? ምልክቱ ሳይከበር ቀርቶ ሲቃጠል በቆረም ዘመን ያዩ ሰው ይህን ማድረጋቸው በሕይወታቸው ውስጥ የማይፈታ እንቆቅልሽ ሆኖ ይኖራል።

የዚያችው ትንሽ አውሮፕላን ሌላ ጥቅም ግን በኢትዮጵያ ታየ። በ1967 ዓ.ም. ገደማ በረኃቡ ዘመን ተመልሰው መጥተው፣ ማረፊያ ሜዳ በሌለበት ስፍራ አነስተኛ አውሮፕላን ዝቅ ብላ በዝግታ እየበረረች የእህል ከረጢት የምትጥልበትን ዘዴ በሥራ አዋሉ። ሮኬት ይሸከም የነበረው ክንፍ ዓይነት እህል ተሸከመ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1977ቱ ረኃብ፣ ባቲ በመጠለያዋ በዓለም በታወቀችበት ጊዜ፣ የብሪታንያ ትላልቅ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ደጋ እህል ከአየር ሲጥሉ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች አስቀድመው ሰው እያወረዱ የመጣያውን ቦታ ያዘጋጁ ነበር። መሬት ላይ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ታማኝ እጅ ከሌለ ከሰማይ የወረደው እህል ለጉልበተኛ ብቻ ይሆናልና።

ካውንት ፎን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ በእርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ጎዴ ላይ በሶማሌ ተዋጊዎች ድንገተኛ ጥቃት ተገደሉ። 67 ዓመታቸው ነበር። ሰማዩን በጦርነቶች ያለፉት ሰው ሞታቸው በምድር ሆነ።

ለእኛ ለባልደረቦች ከሕይወታቸው የሚተርፈን ትምህርት ሁለት ነው። ነፍስ አድን እጁን ከመሣሪያ ካላራቀ የሚመጣውን ባልደረባ መንገድ ይዘጋል። መንገድ ዳር የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ የሚመለስ ደግሞ ሥራውን ገና አልጀመረም፤ መጠየቅ ያለበት ከተራራው ጀርባ ስለ ቀሩት ነው።