ከደብረ መዊ እስከ እንጦጦ፦ የእቴጌ ጣይቱ ማዕድ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ አዴት የሚጓዝ መንገደኛ ከተማዋን ከማየቱ በፊት ደብረ መዊን ያልፋል። ዙሪያው ጤፍና በቆሎ የሚበቅልበት የአርሶ አደር ምድር ነው። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቦታው ከአንዲት ታላቅ ሴት የልጅነት ዘመን ጋር የተሳሰረ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ኋላ የኢትዮጵያ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል የልጅነት ትምህርታቸውን የቀሰሙት በጎጃሙ ደብረ መዊ ነው።

ጣይቱ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ቤቱ የመኳንንት ቤት ቢሆንም የልጅነት ዘመናቸው የተረጋጋ አልነበረም። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቱ። ደጃዝማች ውቤም በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ድል ተነሱ። ትናንት ሌሎችን ያበላ የነበረ ቤት በአንድ ጦርነት ማግስት የሌሎችን ፊት የሚያይ ሆነ።

እናታቸው ከጎጃም ሰው ጋር ትዳር በመመሥረታቸው ጣይቱ ወደ ደብረ መዊ መጡ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እምብዛም የማይፈቀደውን የቤተ ክህነት ትምህርት አገኙ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ቻሉ፤ ግእዝም ተማሩ። በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወትም ያውቁ ነበር። ከዚህ ጋር ደግሞ ማንም የባላባት ልጅ ሳትማረው የማታልፈው ሙያ ነበረ፤ እርሱም ቤት ማስተዳደር፣ እንግዳ መቀበልና ድግስ መደገስ ነው።

ድግስ ቀላል ሥራ አይደለም። የሚጀመረውም እንግዳው ከመድረሱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው። ቀድሞ የሚጣለው ጠጅ ነው፤ አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት፣ ጋኑ ታጥኖ እስኪበስል ይጠበቃል። ቀጥሎ ለጠላው ብቅል ይበቀላል፣ አሻሮ ይታመሳል፣ ጌሾ ይወቀጣል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ከነቅመሙ ተደልዞ፣ ደርቆ ይፈጫል። ቅቤው ይነጠራል። ሊጡ ከእርሾው ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይቆያል። ዶሮው በመጨረሻ ይመጣል፤ ዐሥራ ሁለት ብልት ሆኖ ተገንጥሎ፣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ቀስ ብሎ በበሰለ ቁሌት ላይ ይጣላል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይበላሻል። ስለዚህ ድግስ የሚያዘጋጅ ሰው ጊዜን፣ እህልንና ሰውን አስቀድሞ መቁጠር አለበት። ጣይቱ በኋላ ዘመናቸው በቤተ መንግሥትም በጦር ሜዳም የታወቁበት ችሎታ ይኸው ነበር።

ከምኒልክ በፊት የፈጸሟቸው ጋብቻዎች አልጸኑም። በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በአንኮበር ተጋቡ። ንጉሡ ከሰሜን ቤተ መሳፍንት ወገን የሆነች፣ የተማረችና ፖለቲካ የምታውቅ ሚስት አገኙ። ሸዋም አዲስ የማዕድ ሥርዓት አገኘ። ጣይቱ የጎንደርንና የጎጃምን የምግብ ሙያ ይዘው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ገቡ። በሥራቸው የእንጀራ ቤቱ፣ የወጥ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱና የጠላ ቤቱ ሠራተኞች በየአለቆቻቸው እየታዘዙ ይሠሩ ነበር።

ይህ ችሎታ በግልጽ የታየው በእንጦጦ ነው። በ1880 ዓ.ም. መባቻ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራ ተፈጽሞ ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አበሉ። ነገሩን የቤተ መንግሥቱ ታሪክ ጸሐፊ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው መዝግበውታል። መኳንንቱ፣ ካህናቱና ወታደሩ በየማዕረጋቸው ተቀመጡ። ሰንጋው ታረደ፣ ወጡ በየዓይነቱ ቀረበ፣ ጠጁና ጠላው በየጋኑ ተከፈተ። የአፍሪካን የምግብ ታሪክ ያጠኑት ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ይህን ግብር ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ተብሎ የሚታወቀው ማዕድ መልክ ከያዘባቸው ክስተቶች እንደ አንዱ ይመለከቱታል። የሰሜኑና የሸዋው፣ የደጋውና የቆላው ምርት በአንድ መሶብ ላይ የተገናኘበት ቀን ነበርና።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ምግብ ከሰማይ አልወረደም። አማርኛ ለሁለት ነገር አንድ ስም ሰጥቷል። አርሶ አደሩ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ይባላል፤ መንግሥት ለሕዝብ የሚያበላውም ግብር ይባላል። ማሩን የቆረጠው፣ ጤፉን ያጨደው፣ በሬውን ያሳደገው ገበሬ ነው። በጓዳ በኩል ደግሞ ስማቸው ያልተመዘገበ ሴቶች ነበሩ፤ ሌሊቱን ሲፈጩ፣ እንጨት ሲለቅሙ፣ ውኃ ሲቀዱ፣ በጢስ ውስጥ ሲጋግሩ ያደሩ። የጣይቱ ማዕድ ታላቅነት የእነዚህም ሰዎች ድካም ነው።

የዚያ ማዕድ መሠረት ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበረ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1880 ዓ.ም. የከብት ወረርሽኝ ወደ አገር ገባ፤ በሽታው በምፅዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ ይታመናል። አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣም ተደረበ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ትናንት ሰንጋ በብዛት የታረደባት እንጦጦ የተራበ ሰው የሚጎርፍባት ደጅ ሆነች። የቤተ መንግሥቱ ጎተራ ለችግረኛው ተከፈተ። ምኒልክ ሕዝቤ ያጣውን አልበላም ብለው የከብት ሥጋ መብላት እንደ ተዉ፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው እየቆፈሩ መኳንንቱ ያለ በሬ ማልማትን እንዳይንቁ አርአያ እንደ ሆኑ ታሪክ ይናገራል። ያ ዘመን ለቤተ መንግሥቱ ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ በሬው ሲሞት ማዕዱም እንደሚታጠፍ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት የጣይቱ ሥልጣን ከፍ አለ። በኅዳር 1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰይመው ነበር። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ እርሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከጣሊያን ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያን በሌላ መንግሥት ጥገኝነት ሥር ለማስገባት የታሰበበት መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ከማንም በላይ አጥብቀው የተቃወሙት እቴጌዪቱ ነበሩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ያስለቀቀው የእርሳቸው ምክር መሆኑ ይታወቃል፤ ምሽጉን በመድፍ ከመደብደብ ይልቅ የውኃ ምንጩን መያዝ ይሻላል አሉ፣ ተያዘም። ምሽጉም በጥማት ተለቀቀ። ምንም ምሽግ ቢጸና ውኃና እህል ካጣ እንደማይቆም፣ ብዙ ሺህ ሰው ማብላትና ማጠጣት የለመደ ሰው ፈጥኖ ይረዳዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋም እንዲሁ ሆነ። የእቴጌዪቱ ሴቶች በእንስራና በቅል ውኃ ተሸክመው በተኩስ መካከል ለተዋጊውና ለቁስለኛው አደሉ። የጓዳ ሥራ የጦር ሜዳ ሥራ ሆነ።

ከድል በኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሠራው ሰፊ አዳራሽ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየተራ እየገባ የሚበላበት ሆነ። አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ በማዕረግ ያስገባል፤ አሳላፊው ያቀርባል፤ አንዱ ዙር ሲነሣ ሌላው ይተካል። ከዚያ ያለፈ አዲስ ነገርም ጣይቱ አመጡ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በዋና ከተማዋ ሆቴል ከፈቱ። ምግብን በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ መኳንንቱ ከፍለው መብላትን እንዲለምዱ ምኒልክ ራሳቸው ሰብስበው እንደ ወሰዷቸው ይነገራል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ቢጎዳም ስማቸውን እንደ ያዘ በፒያሳ ቆሟል።

የእቴጌዪቱ መጨረሻ ግን እንደ ማዕዳቸው የሞላ አልነበረም። ምኒልክ በጽኑ ሲታመሙ ጣይቱ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። ሹመትና ሽረታቸው መኳንንቱን አስቆጣ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና የታመሙትን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ከወሰኑባቸው መካከል ለብዙ ዓመታት በአዳራሻቸው የበሉና የጠጡ ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ ጣይቱ ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ ታላቁን ግብር ወዳበሉበት ደብር። በዚያም በጸሎት ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. አረፉ። አጽማቸው በኋላ በአዲስ አበባ በዓታ ለማርያም ከምኒልክ ጎን አርፏል።

ዛሬ በአዴት፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ሠርግ ወይም ማኅበር የምትደግስ እናት፣ በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዓት ትሠራለች። ጠጁን አስቀድማ ትጥላለች፣ የአካባቢዋን በርበሬ ታስደልዛለች፣ ዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች፣ ጎረቤቷን ለሥራ ትጠራለች። ስለ ጣይቱ የዲፕሎማሲና የጦር ሜዳ ብልሃት ብዙ ተጽፏል። ያ ብልሃት ከጓዳ የሚለይ አልነበረም፤ ያለውን አውቆ ለመጣው ሁሉ ማዳረስ ነውና። ፊደል የቆጠሩባት የደብረ መዊ ምድርም ዛሬ ጤፏን እያበቀለች፣ እንደ ጥንቱ ማዕዱን በመሙላት ላይ ናት።