አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የማስታወቂያ ቃሎቻችን

ከአዋሽ ተነሥቶ በሰመራ በኩል ሰርዶ የሚደርስ መንገደኛ በጐዳናው ዳር የተተከሉትን ጽሑፎች እያነበበ ያልፋል። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈረሳት ትንሽ ከተማ ናት፤ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ የዘረጉት ጐዳና የሚያልፈውም በእርሷ ነበር። ሾፌሩ ያንን የመንገድ ዳር ጽሑፍ ታፔላ ይለዋል፤ ቃሉ የኢጣሊያንኛው ታቤላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ማስታወቂያ ይለዋል፤ ነጋዴው ቀድሞ ሬክላም ይል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ቢልቦርድ ይላል። በአፋር ዘንድ ግን የቈየው የወሬ መንገድ ቆርቆሮ ሳይሆን የሰው አፍ ነው፤ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በወግ የሚለዋወጡበት ሥርዐት ዳጉ ይባላል። በሙያችን እነዚህን ስሞች ሁሉ እንናገራቸዋለን፤ ከየት እንደ መጡ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። የቃልን ሥር መመርመር የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሊቅ ስለ ነበሩን፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎናል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1862 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ካደላደሉ በኋላ ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ ብዙ ዓመት ተቀመጡ፤ ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዐረብኛም ተማሩ። ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡት ሸክም ግን ከእነዚህ ሁሉ የከበደ ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ ኢጣሊያዊውን ሊቅ ኢኛሲዮ ጒዲን በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ የረዱ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ግን ሳይፈጽሙ ዐረፉ፤ ሥራውንም ለደቀ መዝሙራቸው አደራ አሉ።

ኪዳነ ወልድ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራውን የቀጠሉት በድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ የኩባንያው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ጣቢያው እንኳ በፈረንሳይኛ ስም ለገሃር ተባለ። የባዕድ ቃል ከሸቀጥ ጋር በየቀኑ በሚራገፍባት ከተማ ተቀምጦ የግእዝን ሥር መቈፈር ምን ዐይነት ጽናት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ስለ ንግድ ማስታወቂያ ጽፈዋል ማለታችን አይደለም። የሙያችን ቃሎች ሥር ግን እርሳቸው በደከሙበት መስክ ውስጥ ይገኛል። በግእዝ ዖደ ማለት ዞረ ማለት ነው፤ ከዚሁ ዐዋዲ፣ ማለት እየዞረ የሚያሰማ ሰው ወጣ፤ የአማርኛው ዐዋጅም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ነጋሪት ከነገረ ይወለዳል፤ በ1934 ዓ.ም. የመንግሥቱ የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም የከበሮውን ስም ወርሶ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ማስታወቂያ ከዐወቀ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። እንግዲህ ዐዋጅም ነጋሪትም ለጆሮ የተሠሩ ቃሎች ነበሩ፤ ወደ ወረቀት የተሻገሩት ኋላ ነው፤ በዚህስ ከዳጉ ብዙም አይርቁም። ሰሌዳ ግን ግእዝ ከግሪክ የተቀበለው እንግዳ ነው። ብዙ ዘመን ስለ ኖረ ባላገር መሰለ እንጂ በትውልዱ ከታፔላ የሚለየው በዕድሜ ብቻ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

አለቃ ኪዳነ ወልድ አጥብቀው የተከራከሩበት አንድ ነገር ቢኖር የፊደል አጠቃቀም ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በየቦታቸው እንዲጻፉ ይሹ ነበር። ለብዙዎች ይህ የደብተራ ጭቅጭቅ ይመስላል፤ በእኛ ዐይን ግን አይደለም። ዐዋጅ በአልፋው አ ሲጻፍ ከዐዋዲ ጋር ያለው ዝምድና ከዐይን ይሰወራል፤ ዟሪው ሰው ከቃሉ ውስጥ ይጠፋል። በሰርዶ ጐዳና አፋርኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ጣጣ የለበትም፤ አማርኛውን ሰሌዳ የሚጽፈው ባለ ቀለም ግን በአንድ ቀን ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ አንባቢ ያገኛል፤ የጻፈው ሁሉ ለአላፊ አግዳሚው ትምህርት ይሆናል።

ፊደሉን ከሀለሐመ ይልቅ በአበገደ ተራ ማስኬድን መረጡ። ምክንያታቸው ከጥንታውያኑ የሴም ቋንቋዎች ሥርዐት ጋር የሚስማማ ቢሆንም፣ ቃል ፈላጊውን እስከ ዛሬ ማድከሙን መሸሸግ አይቻልም።

ኪዳነ ወልድ ሥራቸው ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለውን፣ ከ900 ገጽ የሚበልጠውን መጽሐፍ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራጅተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ደስታም የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ፤ የእርሱም ተራ አበገደ ነው።