በአጎቱ ሱሪ የተፈተነው ሰው

ታላቅ እህቴ አምስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች መምህርት ናት። ዘንድሮ ሐኪም ካልሆንኩ ብላ ተነሣች። የምታመለክትበት ትምህርት ቤት ከትራንስክሪፕቱ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ለምን ሕክምና እንደፈለገች የሚያስረዳ። ቤታችን ውስጥ ጋዜጠኝነት የሚማር እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጽሑፉ እኔ ላይ ወደቀ። ትራንስክሪፕቷን ሳየው ግን ደነገጥኩ። አንዱ ሴሚስተር ኤ በኤ ነው፤ ቀጥሎ ኬሚስትሪ ላይ ዲ ቁጭ ብላለች። ዕድሜዋም ሠላሳ ሊሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ረቂቄ የተጻፈው ያቺን ዲ ለመደበቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለክፍል ሥራ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ታዘዝንና አልበርት ሽዋይትዘርን መረጥኩ። የ1952ቱን የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘ፣ ጋቦን ውስጥ ላምባሬኔ በሚባል ቦታ ሆስፒታል ያቋቋመ ሐኪም መሆኑን አውቅ ነበር። ሕክምና መማር የጀመረው በሠላሳ ዓመቱ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በጃንዋሪ 14 ቀን 1875፣ ያኔ በጀርመን ሥር በነበረችውና ዛሬ የፈረንሳይ በሆነችው አልዛስ ነው። አባቱ የጉንስባክ መንደር የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ሙልሃውስ ከተማ ዘመድ ቤት ሲገባ ልጁ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ውጤቱ ከመውረዱ የተነሣ ርዕሰ መምህሩ አባትየውን ልጅዎን ቢያስወጡት ይሻላል እስከማለት ደረሱ። በገና የመጣው ሪፖርት ካርድማ እናቱን በዓሉን ሙሉ ሲያስለቅሳቸው ከረመ። ከዚያ አንድ አዲስ አስተማሪ መጣ። ሰውየው ጎበዝ ተናጋሪ አልነበረም፤ ግን ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይገባል፣ ደብተር በቀጠሮው ቀን አርሞ ይመልሳል። ሽዋይትዘር ይህን አይቶ አፈረ። በሦስት ወር ውስጥ ከተሻሉት ተማሪዎች ተርታ ገባ።

ይሁን እንጂ ማርኩ ወጣ ገባነቱን አልተወም። ታሪክ ያለ ድካም ይገባዋል፤ ቋንቋና ሒሳብ ግን ትግል ነበሩ። በ1893 የማጠናቀቂያ ፈተና ሲደርስ ለቃል ፈተናው ጥቁር ሱሪ ስላልነበረው የአጎቱን ተዋሰ። አጎትየው አጭርና ወፍራም፣ እሱ ረጅምና ቀጭን። ሱሪው ከላይ ሲይዙት ከታች ያጥራል፣ ከታች ሲስቡት ከላይ ይጋለጣል። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ከስትራስቡርግ የመጡት ዋና ፈታኝ ግን ፌዝ መስሏቸው ተቆጡና ራሳቸው ያፋጥጡት ገቡ። ሆሜር ላይ ተንገዳገደ። ታሪክ ላይ ሲደርሱ ፈታኙ ፊታቸው ተፈታ። በመጨረሻ የተሰጠው የምስክር ወረቀት በጥቅሉ መካከለኛ ነበር፤ የታሪክ ውጤቱ ብቻ ጎልቶ ይታይበታል። እህቴን ይህን ሳነብላት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

በ1896፣ ልክ በእኔ ዕድሜ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ አንድ ውሳኔ ወሰነ። እስከ ሠላሳ ዓመቱ ለትምህርትና ለሙዚቃ ይኖራል፤ ከዚያ በኋላ ሰዎችን በቀጥታ ያገለግላል። (እኔ በበኩሌ የሚቀጥለው ሴሚስተር ምን እንደማደርግ እንኳ አላውቅም።) በእነዚያ ዓመታት በፍልስፍና ዶክተር ሆነ፣ ነገረ መለኮት አስተማረ፣ ሰባኪ ሆነ፣ ኦርጋን በመጫወት ስም አወጣ፣ ስለ ሙዚቀኛው ባክም መጽሐፍ ጻፈ። በ1904 መኸር ላይ ጠረጴዛው ላይ ያገኘው የሚስዮን መጽሔት በመካከለኛው አፍሪካ የሠራተኛ እጥረት እንዳለ ይናገራል። በኦክቶበር 13 ቀን 1905 ፓሪስ ላይ ደብዳቤዎቹን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ጨመረ። ለወላጆቹና ለወዳጆቹ ሕክምና ሊጀምር መሆኑን የሚያስታውቁ ነበሩ።

ጉድ ፈላ! ወዳጆቹ መክሊቱን ሊቀብር ነው አሉ። የኦርጋን መምህሩ ቪዶር ጠመንጃ ይዞ ምሽግ ውስጥ ልግባ ከሚል ጄኔራል ጋር አመሳሰለው። ለመመዝገብ ሲሄድ የፋኩልቲው ዲን ፕሮፌሰር ፌሊንግ ደስ ይላቸው የነበረው ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ባልደረባቸው ቢልኩት ነበር። ሌላም ችግር ነበር። የዩኒቨርሲቲው መምህር በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ መመዝገብ አይችልም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ አይፈተንም። በመጨረሻ መንግሥት ትምህርቱን መከታተሉን ፕሮፌሰሮቹ ከመሰከሩለት እንዲፈተን ፈቀደ።

በኦክቶበር መጨረሻ ጥቅጥቅ ያለ ጉም በወረደበት ቀን ወደ መጀመሪያው የአናቶሚ ትምህርት ሄደ። ለምን ሐኪም? እስከዚያ ድረስ ያገለገለው በቃል ነበር፤ ማስተማርና መስበክ። ከእንግዲህ ሳይናገር በእጁ መሥራት ፈለገ። ይህ ነገር እኛን ወሬ ሥራችን የሆነውን ሰዎች ትንሽ ሳይቆነጥጠን አይቀርም። ፍልስፍና ውስጥ አንደበተ ርቱዑ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል፤ ሳይንስ ውስጥ ግን የተናገሩትን በማስረጃ ማጽናት ግዴታ ነው። ይህን በጣም ወደደው።

መውደድ ግን ድካም አያስቀርም። ማስተማሩን፣ መስበኩንና ኦርጋኑን ወዲያው አልተወም። የማስታወስ ኃይሉም እንደ ሃያ ዓመት ልጆቹ አልነበረም። ለፈተና ብሎ ማጥናትን ንቆ ለእውቀት ብቻ ሲያነብ ከርሞ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ሲቃረብ የክፍል ጓደኞቹ ጎትተው የሽምደዳ ቡድናቸው ውስጥ አስገቡት። እያንዳንዱ ፕሮፌሰር ምን መጠየቅ እንደሚወድና ምን መልስ እንደሚፈልግ እዚያ ተማረ። የፍልስፍና ዶክተር በሽምደዳ! ከጠበቀው በላይ አለፈ።

የመጨረሻውን የመንግሥት ፈተና ክፍያ ያገኘው ሙኒክ ኦርጋን ተጫውቶ ነው። የመጨረሻው ፈታኙ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ማደሉንግ ነበሩ። ሲጨርስ ከሆስፒታሉ ወጥቶ በክረምቱ ጨለማ ተራመደ፤ ማለቁን ማመን አቅቶት ሕልም መሰለው። ማደሉንግ አጠገቡ እየሄዱ ይህን ሁሉ የቻልከው ጤናህ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ነው እያሉ ይደጋግሙለታል።

በ1912 ሄለን ብሬስላውን አገባ፤ እሷም ለዚሁ ሥራ ስትል ነርስነት ተምራለች። በ1913 ላምባሬኔ ሲደርሱ የመጀመሪያ ክሊኒካቸው የዶሮ ቤት ነበር። አፍሪካዊውን እንደ ታናሽ ወንድም የሚያየው አስተያየቱ ዛሬ ሲያስተቸው ይኖራል፤ ትችቱም ተገቢ ይመስለኛል። በ1965 በዘጠና ዓመቱ እዚያው ሞተ።

የእህቴን ጽሑፍ እንደገና ጻፍነው። በዚህኛው ሁለተኛው አንቀጽ በኬሚስትሪዋ ዲ ይጀምራል። ያን ዓመት እናታችን ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ እህቴ ማታ ማታ እያስታመመች ጠዋት ክፍል ትገባ ነበር። የታማሚ አልጋ አጠገብ ማደር የጀመረችውም ያኔ ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ የነገረችኝ ስለ ሱሪው ስቃ ከጨረሰች በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት አስገባችው። መልሱ ገና አልመጣም።