የተነገረውና የተሠራው፦ የጉንፔ ዮኮይ ሕይወት

ነጋዴ ያለ ማስታወቂያ አይሸጥም፤ ማስታወቂያው ከዕቃው በበለጠ ጊዜ ግን ደንበኛው ይሸሻል። በቪዲዮ ጨዋታ ንግድ ውስጥ ይህን ሚዛን ሲጠብቅ ኖሮ፥ በመጨረሻ ሚዛኑ የከዳው ሰው ጃፓናዊው መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮኮይ በ1941 ዓ.ም. በኪዮቶ ከተማ ተወለደ። እዚያው በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተማረ። ታላላቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ስላልተቀበሉት፥ በ1965 ዓ.ም. ኒንቴንዶ ወደሚባል የመጫወቻ ካርታ ፋብሪካ ገባ፤ ሥራውም ካርታ የሚሠሩትን መኪናዎች መጠበቅና መጠገን ነበር። ሥራ ሲፈታ ለመዝናኛው የሚዘረጋና የሚሰበሰብ የዕቃ መያዣ እጅ ሠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ይህን አይቶ፥ በመቆጣት ፈንታ ለገበያ እንዲያዘጋጀው አዘዘው። ይህም አሻንጉሊት በ1966 ዓ.ም. «አልትራ ሃንድ» ተብሎ ወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ከዚያ በኋላ ዮኮይ አንድ ሐሳብ ይዞ ኖረ፤ ይኸውም አዲስና ውድ ነገር ከማሳደድ ይልቅ፥ የቆየ፥ የረከሰና ጠባዩ የታወቀ ዕቃ ወስዶ ባልታሰበ ሥራ ላይ ማዋል ነው። በባቡር ውስጥ አንድ መንገደኛ ሰልችቶት በኪስ የሒሳብ መኪና ሲጫወት አይቶ፥ ከዚያው ከሒሳብ መኪናው ክፍሎች «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለውን የኪስ ጨዋታ በ1980 ዓ.ም. አወጣ።

በ1983 ዓ.ም. የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ወደቀ። ገበያው በችኮላ በተሠሩ ጨዋታዎች ተጥለቅልቆ ነበር። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1982 ዓ.ም. ለገና ገበያ ለማድረስ በጥቂት ሳምንታት ያሠራው የ«ኢ.ቲ.» ጨዋታ፥ የታዋቂ ፊልም ስም ይዞ የገዢውን ተስፋ ያጠፋ ነበር። ባለ ሱቆችም ቪዲዮ ጨዋታ የሚባለውን ነገር ጠሉ። በ1985 ዓ.ም. ኒንቴንዶ ወደዚህ ገበያ ሲገባ፥ ከዮኮይ ክፍል የወጣ አንድ ትንሽ ሮቦት መሣሪያውን አሻንጉሊት አስመስሎ በሩን አስከፈተለት። ለሮቦቱ የተሠሩት ጨዋታዎች 2 ብቻ ናቸውና ነገሩ የማባበያ ያህል ነበር። ቢሆንም ከበሩ በስተኋላ እንደ «ሱፐር ማሪዮ» ያሉ መልካም ጨዋታዎች ስለ ነበሩ ደንበኛው አልተቀየመም።

በ1989 ዓ.ም. የዮኮይ ክፍል «ጌም ቦይ»ን አወጣ። ቀለም የለውም፥ መስተዋቱም አይበራም። ተወዳዳሪዎቹ ባለ ቀለም ነበሩ፤ ነገር ግን 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሱ ነበር። ጌም ቦይ ግን በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውታል፤ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ማንም የሚገባው «ቴትሪስ» አብሮት ተሸጠ። ስለ መሣሪያው የተነገረው ከተሠራው ስላልበለጠ፥ ገዢው ከጠበቀው በላይ አገኘ። እርሱና ባለ ቀለሙ ተከታዩ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ።

የዮኮይ ፈተና የመጣው በ1995 ዓ.ም. «ቨርቹዋል ቦይ» በወጣ ጊዜ ነው። በዚህም ያንኑ የቆየ መንገዱን ተከትሎ፥ ዋጋው የረከሰውን ቀይ መብራት ብቻ ተጠቀመ። ማስታወቂያው ግን ለተመልካቹ ሌላ ዓለም ውስጥ እንደሚገባ ተስፋ ሰጠው። ገዢው ያገኘው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ ተብሎ የሚታይ ቀይና ጥቁር ሥዕል ነበር፤ ብዙዎችም ዓይናቸውንና ራሳቸውን አመማቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፥ ዋጋ ቢቀነስም ገዢ አልተመለሰም። መሣሪያው 800 ሺህ እንኳ ሳይሸጥ፥ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። በጌም ቦይ ጊዜ ድህነቱ የታወቀለት ዕቃ ተወደደ፤ በቨርቹዋል ቦይ ጊዜ ያው ድህነት በትልቅ ስም ተሸፍኖ ስለ ቀረበ ተጠላ።

ዮኮይ በ1996 ዓ.ም. ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቀ። ብዙ ሰው ይህን ከውድቀቱ ጋር ቢያያይዘውም፥ እርሱ ግን አስተባብሏል። «ኮቶ» የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ «ወንደርስዋን» በተባለ አዲስ የእጅ መጫወቻ ላይ ሲሠራ፥ በጥቅምት 1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ በ56 ዓመቱ ሞተ። መጫወቻው በ1999 ዓ.ም. ባንዳይ በተባለው ኩባንያ ሲወጣ ለማየት አልበቃም። እርሱም ቀለም የሌለው፥ ርካሽና በ1 የባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ ነገ ዕቃ ሠሪ ወይም ዕቃ ሻጭ መሆንህ አይቀርም። ደንበኛ ዕቃው ትንሽ ነው ብሎ አይቀየምም፤ የሚቀየመው ትንሹን ትልቅ ነው ብለው ሲሸጡለት ነው። ዮኮይ የመጀመሪያውን በጌም ቦይ አሳየን፤ ሁለተኛውን ደግሞ በስሙ ከፈለበት።