መክ ኒምር፦ ከሸንዲ እስከ ሰቲት

በካርቱምና በባሕሪ መካከል ያለውን የመክ ኒምር ድልድይ ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። ድልድዩ የተሰየመለት ንጉሥ ግን የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ከዶካ በስተምሥራቅ፣ በኢትዮጵያ ጠረፍ ተሰዶ ነው።

መክ ማለት ንጉሥ ሲሆን ኒምር የእኛው ነብር ነው። ኒምር የጀዓሊን ጎሣ ተወላጅ ሲሆን በአባይ ዳር ያለችውን ሸንዲን ይገዛ ነበር። ሸንዲ የግብፅ፣ የስናርና የሱዋኪን ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ከኢትዮጵያ ተይዘው የተወሰዱ ባሮችም እዚያ ይሸጡ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ጦር ይዞ ሲመጣ ኒምር ያለ ውጊያ ገበረ። በ1822 መጨረሻ ግን ፓሻው ወደ ሸንዲ ተመልሶ ሊከፈል የማይችል ገንዘብ፣ ግመልና ባሪያ በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አዘዘ። ኒምር ጊዜ ቢለምን በያዘው ፒፓ ፊቱን እንደመታው ይነገራል። ኒምር ቁጣውን ዋጠና ግብዣ አዘጋጀ። ሌሊት እንግዶቹ ያደሩበት ቤት ዙሪያ ገለባ ተከምሮ እሳት ተለቀቀበት፤ ፓሻውም ከነተከታዮቹ ተቃጥሎ ሞተ።

በቀሉ ከባድ ነበር። የመሐመድ አሊ አማች የነበረው ደፍተርዳር ከኮርዶፋን ወርዶ የአባይን ዳር መንደሮች አቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሰው ገደለ። ኒምር በቡጣና በኩል እየተዋጋ ሸሽቶ፣ በላይኛው አገር ተከዜ ወደሚባለው ወደ ሰቲትና ወደ አንገረብ ወንዞች አካባቢ ደረሰ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ክርስቲያኖቹ የደጋ መሳፍንት ሙስሊሙን ንጉሥ ከነሕዝቡ በጠረፉ እንዲሰፍር ፈቀዱለት። እርሱም ሃይማኖቱን እንደያዘ ኖረ፤ ሰዎቹም የግብፅን ይዞታ እየወረሩ ለደጋው አጥር ሆኑ። ማይ ጉባ መቀመጫቸው ሆነች። ከእርሱ በኋላ ልጁ ዑመር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንም ቦታውን ይዞ ቆየ።

ኒምር ለአንዳንዱ ጀግና ነው። እኛ ግን ማምለጥ ያልቻሉትን የሸንዲ ገበሬዎችም እናስባለን፤ የንጉሡን ዕዳ የከፈሉት እነርሱ ናቸውና። ደግሞም ዛሬ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የምንሻገርበትን ጠረፍ በዚያ ዘመን ሱዳኖች ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረውበታል። ሃይማኖታቸውን ሳይጠይቅ መሬት የሰጣቸውም ሰው ነበር። ይህን የጎረቤቶቻችን ልጆችም ቢያውቁት ደስ ይለናል።