ጄሲ ሊቨርሞር፤ ገበያን ያሸነፈና በገበያ የተሸነፈ ሰው

አንድ ሰው ብቻውን አክሲዮን እየገዛና እየሸጠ፣ ዓመት እስከ ዓመት ሳያቋርጥ ሊያተርፍ ይችላልን? ይህ ጥያቄ በስልኩ ላይ የዋጋ ውጣ ውረድ እየተመለከተ ቶሎ ለመክበር የሚመኘውን የዛሬውን ወጣት ሁሉ የሚመለከት ነው። መልሱን በክርክር ከመፈለግ ይልቅ፣ በዚህ ሥራ ስሙ እጅግ የታወቀውን አሜሪካዊ የጄሲ ሊቨርሞርን ሕይወት መመርመር ይሻላል። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊቨርሞር በ1877 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ልጁ ትምህርቱን ትቶ አብሮት እንዲያርስ ይፈልግ ነበር። ልጁ ግን በሒሳብ ብርቱ ስለ ነበረ ልቡ ወደ እርሻ አላዘነበለም። ስለዚህ በ14 ዓመቱ ገደማ፣ እንደሚነገረው በእናቱ ረዳትነት፣ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቦስተን ሄደ። እዚያም በአንድ የአክሲዮን ደላላ ቢሮ ተቀጥሮ፣ በቴሌግራፍ የሚመጣውን ዋጋ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ጀመር። ቁጥሩን መጻፍ ብቻ አልበቃውም፤ በደብተሩ እየመዘገበ ዋጋ ከመውጣቱና ከመውረዱ በፊት የሚያሳየውን ጠባይ ያጠና ነበር።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች በአክሲዮን ዋጋ የሚያወራርዱ ቤቶች ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች እውነተኛ አክሲዮን አይገዛም፣ አይሸጥም። ደንበኛው ጥቂት ገንዘብ አስይዞ ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ሲል ከቤቱ ጋር ይወራረዳል፤ ዋጋው ጥቂት ብቻ ወደ ተቃራኒው ቢሄድ ያስያዘው ገንዘብ ይቀርበታል። ሊቨርሞር በ15 ዓመቱ የመጀመሪያ ትርፉን 3 ዶላር ከ12 ሳንቲም ከዚህ አገኘ። እያደርም ማሸነፉ ስለ በዛ የቤቶቹ ባለቤቶች በራቸውን ዘጉበት።

ከዚህም በኋላ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በእውነተኛው የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ ነገር ግን ያው ዘዴው ከሰረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በውርርድ ቤት ሰሌዳው ላይ በሚታየው ዋጋ ወዲያው ይወራረድ ነበር። በእውነተኛው ገበያ ግን ትእዛዙ ከደላላው እስኪደርስ ድረስ ዋጋው ተለውጦ ይቆየዋል። በአንዱ ስፍራ የሠራ ብልሃት በሌላው ስፍራ እንደማይሠራ በዚህ ተማረ።

የኋላ ኋላ ግን ትልልቅ ድሎች አገኘ። የታወቀበት ሥራ አክሲዮን ተውሶ በውድ መሸጥ፣ ዋጋው ሲወድቅ በርካሽ ገዝቶ መመለስና ልዩነቱን ማትረፍ ነው። በ1906 ዓ.ም. የዩኒየን ፓሲፊክን የባቡር ኩባንያ አክሲዮን በዚህ መንገድ ከሸጠ በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ እርሱም 250,000 ዶላር ያህል አተረፈ። በ1907 ዓ.ም. ገበያው በድንጋጤ በወደቀ ጊዜ በአንድ ቀን አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳገኘ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነበር።

ይሁን እንጂ ሀብቱ አልሰነበተም። ሁልጊዜ በራሱ ምርመራ ብቻ ለመሥራት ወስኖ የነበረው ሰው፣ በ1908 ዓ.ም. የሌላ ነጋዴ ምክር ሰምቶ በጥጥ ንግድ ገባ። ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ኪሳራውን ቆርጦ እንደ መውጣት ጨምሮ ስለ ገዛ፣ ሀብቱን ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን አጣ። ከዚያም ዕዳ ላይ ዕዳ ተጨመረበትና በ1915 ዓ.ም. መክሰሩ በሕግ ታወቀ። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደገና ሠርቶ፣ ሕግ ባያስገድደውም በ1917 ዓ.ም. ለአበዳሪዎቹ ሁሉ ገንዘባቸውን መለሰ። ይህ ሥራው ከድሎቹ ሁሉ የሚያስመሰግነው ይመስለኛል።

በ1929 ዓ.ም. የኒውዮርክ ገበያ በወደቀ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ሲደኸዩ፣ ሊቨርሞር ግን አስቀድሞ ሸጦ ስለ ነበረ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳተረፈ ይነገራል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ጠፍቶ እንደገና ከስሮ ተገኘ። በ1940 ዓ.ም. ስለ አክሲዮን ንግድ ያወቀውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 28 ቀን፣ በ63 ዓመቱ፣ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

እንግዲህ ይህ ሰው ዕውቀት ጐደለው ለማለት አይቻልም። ኪሳራን ቶሎ መቁረጥ፣ የሰው ወሬ አለመስማት፣ ገንዘብን ሁሉ በአንድ ነገር አለማዋል እንደሚያስፈልግ ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። የጐደለው በየቀኑ ባወቀው መጽናት ነው። ያሸነፈ ሰው የማይሸነፍ ይመስለዋል፤ በብድር ሲነግድ ደግሞ አንዲት ስሕተት የብዙ ዓመት ትርፍ ትወስዳለች። በአንድ ቀን ሚሊዮን ማግኘትና ዕድሜ ልክ ማትረፍ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በእርሱ ደረሰ።

ምናልባት ይህ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በታይዋን ከ1992 እስከ 2006 ዓ.ም. በዚያው ቀን ገዝተው በዚያው ቀን የሚሸጡ ሰዎች ሒሳብ ሲመረመር፣ ወጪያቸውን ከፍለው ዘወትር ያተረፉት ከ100 አንድ እንኳ አልሞሉም። በብራዚልም በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል ይህን ሥራ ጀምረው ከ300 ቀን በላይ ከጸኑት ውስጥ ከ100ው 97ቱ ከስረዋል። ስለዚህ የሚቻላቸው ጥቂቶች አሉ፤ ነገር ግን ማንም ሰው አስቀድሞ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነኝ ብሎ ሊያውቅ አይችልም። በእንዲህ ያለው የዕለት ንግድ አንዱ ያተረፈው ሌላው የከሰረውን ነው፤ ደላላው ግን ከሁለቱም ዋጋውን ይቀበላል።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሥራ ጀምሯል። ይህ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያስደስት ነው፤ ምክንያቱም የደኅና ኩባንያ አክሲዮን ገዝቶ ለዓመታት የያዘ ሰው፣ ኩባንያው ሠርቶ ካተረፈው ድርሻውን ይካፈላል እንጂ ከጐረቤቱ ኪሳራ አይጠብቅም። እኛ ተማሪዎች ነገ ደመወዛችንን ይዘን ወደዚህ ገበያ ስንገባ፣ ከሊቨርሞር ድል ይልቅ ከድሉ ማግሥት የሆነውን ብናስታውስ ይበጀናል። ለትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ለቀለብ የተቀመጠን፣ ይልቁንም የተበደሩትን ገንዘብ በነገ ዋጋ ላይ ከማስያዝ እንጠበቅ።