ዦርዥ ሜሊየስ፤ ሰውን በፊልም ጨረቃ ያደረሰ (1861 – 1938)

ሕፃናት ከሌላ ዓለም ከመጣ ፍጡር ጋር ሲወዳጁ፥ በመንኰራኵርም ወደ ሰማይ ሲበሩ የሚያሳዩ ፊልሞች በ1980ዎቹ ዓመታት በዝተው ነበር። በ1982 የወጣው «ኢ. ቲ.» ከእነርሱ አንዱ ነው። እነዚህን ፊልሞች ዛሬም ደግመን ስናያቸው ያስደስቱናል። ነገር ግን የዚህን መንገድ በር መጀመሪያ የከፈተውን ሰው የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ስለ ሆነ ታሪኩን ባጭሩ እንጽፋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዦርዥ ሜሊየስ በ1861 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የጫማ ፋብሪካ ያለው ባለጸጋ ነበረ። ልጁ ግን ከጫማው ሥራ ይልቅ ሥዕልንና ምትሐትን ይወድ ነበር። በ1884 ወደ ሎንዶን ሄዶ ሳለ የታወቁ ምትሐተኞችን ጨዋታ አየ፤ ልቡም በዚያው ቀረ። በ1888 የፋብሪካ ድርሻውን ለወንድሞቹ ሸጠና የሮቤር ኡዳንን ቴያትር ቤት ገዛ።

ዲሴምበር 28 ቀን 1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች ሲኒማን በፓሪስ ለሕዝብ ሲያሳዩ ሜሊየስ ከተመልካቾቹ መካከል ነበረ። መሣሪያውን ለመግዛት ቢጠይቅም አንሸጥም አሉት። እርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በ1896 ከሎንዶን ሌላ መሣሪያ ገዝቶ በራሱ እጅ አሻሻለው። ጥቂት ቈይቶም ፓሪስ አጠገብ በሞንትረይ የፀሐይ ብርሃን እንዲገባበት በመስተዋት የተሠራ የፊልም ማንሻ ቤት አቆመ። መሣሪያውን በመካከል አቁሞ ዕቃውን ወይም ሰውየውን ከለወጠ በኋላ እንደገና ሲያንቀሳቅሰው፥ ተመልካቹ አንዱ ነገር በድንገት ወደ ሌላ የተለወጠ ይመስለዋል። ሜሊየስ በዚህ ብልሃት ብዙ ሰው አስደነቀ።

በ1902 «ወደ ጨረቃ ጉዞ» የተባለውን ፊልም ሠራ። በፊልሙ ውስጥ ሊቃውንት በትልቅ መድፍ ተተኵሰው የጨረቃን ዓይን ይወጋሉ፤ ከጨረቃ ሰዎች ጋር ተዋግተውም ባሕር ላይ ወድቀው ይመለሳሉ። የሊቃውንቱ አለቃ ሆኖ የተጫወተው ሜሊየስ ራሱ ነው። የፊልሙ ርዝመት ዐሥራ አራት ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ አንዳንዱ ቅጂ ሥዕል በሥዕል በእጅ ቀለም የተቀባ ነበር።

ሆኖም ዝናው ሀብት አላመጣለትም። በአሜሪካ ሌሎች ሰዎች ፊልሙን ያለ ፈቃዱ እየቀዱ ገንዘቡን በሉት። መብቱን ለማስጠበቅ ወንድሙን ጋስቶንን ወደ ኒውዮርክ ቢልክም የቀረበት ጥቅም አልተመለሰለትም። እያደር የተመልካቹ ፍላጎት ተለወጠ፤ ትላልቅ ኩባንያዎችም አሸነፉት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙዎቹ ፊልሞቹ ቀልጠው የወታደር ጫማ ተረከዝ ሆኑ። ከጫማ ሥራ ሸሽቶ የሄደው ሰው ድካሙ ተመልሶ ጫማ ሆነ! በ1923 ዕዳ ጸንቶበት ንብረቱን ሲያጣ፥ በእጁ የቀሩትን ፊልሞች በቍጣ አቃጠላቸው። ከዚያ በኋላ በሞንፓርናስ የባቡር ጣቢያ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ከሚስቱ ጋር አሻንጉሊትና ከረሜላ እየሸጠ ኖረ። መንገደኛው ሁሉ በፊቱ ሲያልፍ ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው አልነበረም።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ግን አንድ ጋዜጠኛ አወቀው። በ1929 በፓሪስ ታላቅ የክብር ምሽት ተደረገለት፤ በ1931ም የፈረንሳይን የክብር ሌጊዮን ኒሻን ተሸለመ። በ1938 ሲሞት ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከሠራቸው ከ500 የሚበልጡ ፊልሞች ዛሬ የሚገኙት ወደ 200 ገደማ ናቸው። ጠፋ የተባለው የጨረቃ ጉዞ ባለ ቀለም ቅጂም በ1993 በስፔን ተገኝቶ፥ ታድሶ በ2011 በካን ከተማ ለሕዝብ ታየ።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፥ የከለከሉንን መሣሪያ ራሳችን ለመሥራት መድፈር ነው። ሁለተኛው፥ የሌላውን ድካም ቀድቶ የራስ ማድረግ ባለሙያን እንደሚያደኸይ ማወቅ ነው። በሱቅ ወይም በመንገድ ዳር ተቀምጦ የምናየውን ሽማግሌም አንናቅ፤ ትናንት ምን እንደ ሠራ አናውቅምና።